የቱን እናንብብ? አምስት የመርማሪ ልቦለዶች በሰዎቻቸው ድብቅ ዝምድና ሲመዘኑ

የመርማሪ ልቦለድ ልትመርጡ ከሆነ ገዳዩን ለጊዜው እርሱት። ገዳዩ በመጨረሻው ምዕራፍ ራሱ ይመጣል። መምረጫው ሌላ ነው። ታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች በምን ተሳስረዋል? ትስስሩስ የተደበቀው የት ነው? አንዱ መጽሐፍ በሥጋ ዝምድና ይደብቃል። ሌላው በገንዘብ ይደብቃል። ሌላው ደግሞ ጨርሶ የማይተዋወቁ የሚመስሉ ሰዎችን አንድ ቦታ ሰብስቦ በር ይዘጋባቸዋል። ጣዕማቸው ለየቅል ነው። አንዱን ወዶ ሌላውን አርባኛው ገጽ ላይ የሚወረውር አንባቢ ብዙ ነው።

ጎንደሬ ለዚህ ዓይነት ንባብ ሳያውቀው ሠልጥኗል ባይ ነኝ። እዚህ ከተማ እንግዳ ሰው ሲመጣ ከስሙ ቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የሥጋ ዝምድና ቢጠፋ የክርስትና ልጅነት ይገኛል። እሱ ቢጠፋ የጡት ልጅነት አለ። እሱም ባይኖር የጽዋ ማኅበር አለ። ሁለት ሰዎች ፒያሳ ላይ ሰላም ሳይባባሉ ቢተላለፉ፣ ያያቸው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «እነዚህ በየት በኩል ነው የሚገናኙት?» ብሎ ነው። መርማሪው ደሞዝ የሚበላበት ጥያቄም ይኸው ነው።

የድሮውን አውጫጭኝ አስታውሱ። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ካልወጣ ሁሉም በጋራ ካሳ ይከፍላል። የእንግሊዞቹ መርማሪ ተጠርጣሪዎቹን ሳሎን ሰብስቦ ሲያፋጥጣቸው የሚያደርገው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ አንድ ነው። አውጫጭኝ ላይ ሁሉም የሁሉንም ዝምድና ያውቃል፤ ዝም የሚባለውም ብዙ ጊዜ ለዚያ ነው። ልቦለዱ ውስጥ ግን የሚደበቀው ዝምድናው ራሱ ነው።

መጻሕፍቱን የማወዳድረው በሦስት ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ደሙ ከማን ነው? እንጀራው ከማን ነው? ሐዘኑስ ለማን ነው? የመጀመሪያው ዘሩን ያወጣል። ሁለተኛው ደሞዙን፣ ውርሱንና ዕዳውን ያወጣል። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ሰው ማንን ቀብሮ እንደመጣ ፊቱ ላይ አይጻፍም። አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ መልሱን እያገኛችሁ ሙሉ። ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው ባዶ በቀረው ቦታ ነው።

ገዳዩን በአንዱም አልነግራችሁም። የምነግራችሁ መጽሐፉ ራሱ ቀደም ብሎ የሚገልጠውን ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም የሚታማበት መንደር

አንድ ብቻ ነው የማነበው ለሚል ሰው የምሰጠው «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»ን ነው። አጋታ ክሪስቲ በ1926 አወጣችው። ቦታው ኪንግስ አቦት የሚባል ትንሽ የእንግሊዝ መንደር ነው። ሚስዝ ፌራርስ የተባለች ባለጸጋ መበለት ሞታ ትገኛለች። መንደሩ ያማል። ባሏን የመረዘችው ራሷ ናት ይባላል። ይህንን ያወቀ አንድ ሰው ገንዘብ ሲያስከፍላት እንደኖረም ብዙ ሳንቆይ እንሰማለን። ሊያገባት ያሰበው ሀብታሙ ሮጀር አክሮይድ ደግሞ በገዛ ቤቱ፣ በሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ በጩቤ ተወግቶ ይገኛል።

አሁን ቤተሰቡን ቁጠሩ። የእንጀራ ልጁ ራልፍ አለ፤ ገንዘብ እጁ ላይ አይበረክትም። የወንድሙ ሚስት አለች፤ ባሏ ሞቶባታል። ልጇ ፍሎራ አለች። ጸሐፊው አለ። በእንግድነት የሰነበተ አዳኝ ሻለቃ አለ። የቤቱ ኃላፊ ሴት፣ አሳላፊው፣ የቤት ሠራተኛዋ አሉ። ከሻለቃው በቀር ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ሰው እጅ ነው። «እንጀራው ከማን ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስም ይሞላል፤ አክሮይድ፣ አክሮይድ፣ አክሮይድ። ስለዚህ ይህ ጥያቄ እዚህ ብቻውን አይጠቅምም። ሰዎቹን የሚለያቸው አይደለም። ወደ ደምና ወደ ልብ መሄድ የግድ ይሆናል።

መርማሪው ኤርኩል ፖዋሮ ሥራ አቁሞ፣ እዚያው መንደር ዱባ መሰል አትክልት እያበቀለ ነው የተገኘው። ሰዎቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ እያንዳንዳችሁ የደበቃችሁኝ ነገር አለ ይላቸዋል። እውነቱን ነው። የተደበቀው ሁሉ ግን ግድያ አይደለም። አንዱ የደበቀው ፍቅር ነው። ሌላው ዕዳ ነው። ሌላው ሰው ፊት ሊናገረው የሚያፍርበት ዝምድና ነው። የመጽሐፉ ጥበብ ይኼ ይመስለኛል። ከትልቁ ምስጢር ጎን ብዙ ትንንሽ ምስጢሮች ተቀምጠዋል። አንዱን ስትፈቱ ደስ ይላችኋል። ከዚያ ከግድያው ጋር እንደማይገናኝ ታያላችሁ። እንደገና ትጀምራላችሁ። ይህን ያህል ስትደክሙ ዋናው ነገር ፊታችሁ ቁጭ ብሎ ያያችኋል።

ስለ ካሮላይን ካልነገርኳችሁ ይቆጨኛል። ታሪኩን የሚተርከው የመንደሩ ሐኪም ዶክተር ሼፐርድ ነው። ካሮላይን አብራው የምትኖር እህቱ ናት። ከቤት ሳትወጣ የመንደሩን ነገር ሁሉ ታውቃለች። ወተት አመላላሹ ይነግራታል። የየቤቱ ሠራተኞች ይነግሯታል። እስኪ ጎንደር ውስጥ ካሮላይን የሌለችበት ሰፈር ካለ አሳዩኝ! ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ የሰፈሩ ዜና ተበጥሮ ያልቃል። ክሪስቲ ኋላ የታወቀችባት አሮጊቷ መርማሪ ሚስ ማርፕል ምናልባት ከካሮላይን የተወለደች ሳትሆን እንደማትቀር በግለ ታሪኳ ጽፋለች። ስለዚህ ስታነቡ የካሮላይንን ግምቶች ለብቻ መዝግቧቸው። አንዳንዴ ትስታለች። ዝምድና ስታነፈንፍ ግን ለዋዛ አይደለችም።

የዚህ መጽሐፍ መጨረሻ በወጣበት ዘመን አንባቢን አከራክሯል። ደንብ ተጥሷል ያሉም ነበሩ። እኔ ተጥሷል አልልም፤ ተመልሳችሁ ስታነቡት እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ቦታው ላይ ነው። ብቻ መግቢያ ያለው እትም ከደረሳችሁ መግቢያውን ዝለሉ። ርዕሱንም ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ጉድ ትሆናላችሁ።

ከእኛ ጋር የሚዛመደው አልማዝ

ዊልኪ ኮሊንስ የጻፈውን «የጨረቃ ድንጋይ» ለማግኘት ዘ ሙንስቶን ብላችሁ ፈልጉ። ከአምስቱ ረጅሙ ነው፤ አክሮይድን ሁለት እጥፍ ያስከነዳል። ቋንቋውም የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለችኩል አይሆንም። ጎንደር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ግን እንደሱ የሚነዝር የለም። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

በ1799 እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ሴሪንጋፓታም የተባለውን ከተማ ሲይዙ፣ ሄርንካስል የተባለ መኮንን የተቀደሰ አልማዝ ይዘርፋል። ከዓመታት በኋላ አልማዙን ለእህቱ ልጅ ለሬቸል ይናዘዝላታል፤ 18 ዓመት ሲሞላት በልደቷ ቀን እንዲሰጣት። በዚያው ሌሊት አልማዙ ይሰወራል። ሦስት ብራህሚኖች፣ የሂንዱ ካህናት፣ ዱካውን ተከትለው፣ ትርኢት አሳዪ መስለው፣ እንግሊዝ ድረስ መጥተዋል። እነሱ ናቸው የወሰዱት? ወይስ ከቤት ውስጥ ነው?

ቤት ውስጥ ፍራንክሊንና ጎድፍሬይ አሉ። ሁለቱም የሬቸል የአክስት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሊያገቧት ይፈልጋሉ። ሰባት ቤት ለሚቆጥር አንባቢ ይህ ብቻውን ወንጀል ይመስላል። እዚያ ግን ያለ ነገር ነው፤ በዚህ ምክንያት ማንንም እንዳትጠረጥሩ። ሮዛና የምትባል የቤት ሠራተኛም አለች። ቀድሞ ሌባ ነበረች፤ ታስራ ወጥታለች። ልቧ ፍራንክሊን ላይ ወድቋል። እሱ መኖሯንም ልብ አላለም። የሮዛናን ስም ወረቀታችሁ ላይ ስትጽፉ እንጀራዋ ከእመቤቲቱ ነው። ደሟ ባዶ ነው። ሐዘኗም ባዶ ነው፤ የሚጠይቃት የለምና። ከአምስቱ መጻሕፍት ሰዎች ሁሉ እኔ የማልረሳት እሷን ነው። ትስስሩ በአንድ ወገን ብቻ የሚታወቅ ከሆነ መርማሪ እንዴት ያገኘዋል?

አጻጻፉም የተለየ ነው። አንድ ተራኪ የለም። እያንዳንዱ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይጽፋል፤ እንደ ምስክር ቃል። መጀመሪያ የቤቱ አዛውንት አዛዥ ቤተረጅ ይጽፋል። ይህ ሰው ጭንቅ ሲይዘው የሮቢንሰን ክሩሶን መጽሐፍ ይገልጣል፤ እኛ አገር ዳዊት እንደሚገለጠው። ከዚያ ሚስ ክላክ ትመጣለች። የሃይማኖት ወረቀት በየሰው ቤት እየደበቀች የምታስቀምጥ፣ የሰው ጨዋታ ተደብቃ የምትሰማ፣ ራሷን ጻድቅ አድርጋ የምትቆጥር ሴት ናት። ሳቅ ካማራችሁ የእሷን ክፍል ጠብቁ። ቤተረጅ የሚያውቀውን ክላክ አታውቅም። ክላክ የሰማችውን ከእሷ ቀጥሎ የሚጽፈው ጠበቃ አልሰማም። ዝምድናው የተደበቀው በሰዎቹ መካከል ብቻ ሳይሆን በምስክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ጎንደር ላይ ሲነበብ የሚነዝርበት ምክንያት እንግዲህ ይኸውላችሁ። ልቦለዱ በቻርልስ ዲከንስ መጽሔት ላይ በየሳምንቱ የወጣው በ1868 ከጥር እስከ ነሐሴ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ ምሽጉ ተዘረፈ። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ጽዋው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለጨረታ ቀረበ። ከብራናው ብዙው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሄደ ነው። መቅደላ ያደረሱት ራሳቸው ቴዎድሮስ ናቸው፤ ጎንደርን በ1866 ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ። ስለዚህ በዚህ ነገር ውስጥ የራሳችንም እጅ አለበት፤ እሱን መደበቅ አይገባም። ያም ሆነ ይህ፣ የለንደን አንባቢ ከቤተ መቅደስ ስለተዘረፈ አልማዝ በየሳምንቱ እየጠበቀ ሲያነብ፣ የአገሩ ወታደሮች የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ይጭኑ ነበር።

ለብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃ ሊሰበስብ ከጦሩ ጋር የዘመተው ሰው ስሙ ሪቻርድ ሆልምስ ነው። የጎንደር ነገሥታት ሲዘምቱ የሚያስይዙትን ሥዕል፣ ኩርዓተ ርእሱን፣ ወስዶ ለራሱ ያስቀረው እሱ ነው። (አዎ፣ ሆልምስ፤ እንደ ኮናን ዶይሉ መርማሪ እንደ ሼርሎክ ሆልምስ። ልቦለድ ውስጥ ቢሆን «አሁንስ አበዛኸው» እንለው ነበር።)

ኮሊንስ እዚህ መጽሐፍ ላይ ስለ መቅደላ አያነሳም። ግን መጽሐፉ ውስጥ ሦስቱ ብራህሚኖች በሌብነት ተጠርጥረው ሲታሰሩ፣ እዚህ የሚያነብ ሰው ገጹ ላይ ቆም ይላል። ሌባው ማነው? የራሱን ንብረት ሊያስመልስ የመጣው ወይስ በልደት ስጦታ የተቀበለችው? ሌሎቹ አራት መጻሕፍት ይህን ጥያቄ አያስነሱም።

በረዶ ያገደው ባቡር

«በኦሪየንት ኤክስፕረስ የተፈጸመው ግድያ» ከሁሉም ዝነኛው ነው። ክሪስቲ በ1934 አወጣችው። ከኢስታንቡል ወደ ካሌ የሚሄድ ባቡር ዩጎዝላቪያ ውስጥ በረዶ ያግደዋል። ራቼት የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም በመኝታ ክፍሉ 12 ቦታ ተወግቶ ሞቶ ይገኛል። ፖሊስ የለም። ስልክ የለም። ፖዋሮ ያለው የተሳፋሪዎቹ ፓስፖርት፣ ሻንጣና አፋቸው ብቻ ነው።

ሟቹ በሐሰት ስም የሚኖር ሰው እንደነበር መጽሐፉ ገና በጊዜ ይነግራችኋል። አሜሪካ ውስጥ አርምስትሮንግ የተባለ ቤተሰብ ሕፃን ልጅ ታፍና ተገድላ ነበር፤ ከነገሩ ጀርባ የነበረው እሱ ነው። ክሪስቲ ይህንን ስትጽፍ በ1932 የተፈጸመው የአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ልጅ ጠለፋ ትኩስ ወሬ ነበር። ከዚህ በኋላ ደምም እንጀራም ወደ ኋላ ይቀራሉ። ጥያቄው ሦስተኛው ይሆናል፤ ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ ለዚያች ልጅ ያዘነ አለ? 12 ተሳፋሪዎችና አንድ የባቡሩ አስተናጋጅ በየተራ ቃላቸውን ይሰጣሉ። አብዛኞቹ እርስ በርስ አንተዋወቅም ይላሉ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ የሚያይ ሰው ለዚህ መጽሐፍ የተፈጠረ ነው።

ለንባብ ቡድን ከዚህ የተሻለ የለም። እያንዳንዱ አባል አንድ ተሳፋሪ ይያዝ። ስሞቹ ለምላስ ስለሚከብዱ የቅጽል ስም አውጡላቸው፤ ልዕልቲቱ፣ ኮሎኔሉ፣ ወሬኛዋ አሜሪካዊት፣ ስዊድናዊቷ። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ቃል ሲሰጡ ያ አባል ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሌሎቹ ይጠይቁት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ያሉ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሰጡት የመሃለኛው ክፍል ያልቃል።

ድክመቱ አይደበቅም። ሰዎቹ ቀጭን ናቸው። ጣሊያናዊው ጣሊያናዊ ስለሆነ ይጠረጠራል፤ እንግሊዛዊው እንግሊዛዊ ስለሆነ ይታመናል። ፖዋሮ ራሱ በዚህ ይቀልዳል፤ ቢሆንም መሰልቸቱ አይቀርም። ከአክሮይድ ቤት አንዱን ሰው መንገድ ላይ ባገኘው የማውቀው ይመስለኛል። ከባቡሩ ሰዎች አንዱንም አላውቀውም።

ፖሊስ የሌለበት ደሴት

«ከዚያም ማንም አልቀረም» በ1939 የወጣ ነው፤ እሱም የክሪስቲ ነው። አሥር ሰዎች፣ ስምንት እንግዶችና ሁለት አሳላፊ ባልና ሚስት፣ አንድ ደሴት ላይ ይሰበሰባሉ። የጋበዛቸው ሰው የለም። እራት በልተው ሲጨርሱ ከሸክላ ማጫወቻ አንድ ድምፅ ይነሳና የእያንዳንዳቸውን ክስ ያነባል። ሁሉም ሰው በማስገደል ይከሰሳሉ፤ ሕግ በማይደርስበት መንገድ። ከዚያ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ።

እዚህ ወረቀታችሁ ከንቱ ነው። ደም አያገናኛቸውም። እንጀራም፣ ሐዘንም አያገናኛቸውም። የሚያገናኛቸው ከበደላቸው በቀር ምንም የለም። ስለዚህ ዝምድና መፈለግ የሚወድ አንባቢ ይናደዳል። ፍርሃት የሚወድ ግን ሳይጨርስ አይተኛም።

አፍ ለአፍ ለመንገር ከሁሉም የሚቀለው ይህ ነው፤ ስም መያዝ አያስፈልግም። ለእናቴ ቡና ላይ ነው የነገርኳት። ሎምባርድ የሚባለውን ስደርስ አቆመችኝ። ይህ ሰው የተከሰሰው በምሥራቅ አፍሪካ 21 ሰዎችን ጫካ ውስጥ ትቶ፣ ስንቁን ይዞ በመሄዱ ነው። አልክድም ይላል፤ ቅንጣት አይጸጸትም።

«ሃያ አንዱስ? ስም የላቸውም?» አለች።

«የላቸውም እማዬ። መጽሐፉ አልሰጣቸውም።»

«የሌሎቹ ሟቾች ስም አለ?»

«አለ።»

«እሱንስ ይበለው!» ብላ ቡናዋን ቀዳች።

ይህን ጥያቄ አንድም የእንግሊዝኛ መግቢያ ላይ አላየሁትም። ቡድናችሁ ይህን መጽሐፍ ከመረጠ እዚያ ገጽ ላይ ቆዩበት።

ለጀማሪ

አርተር ኮናን ዶይል በ1901ና በ1902 በተከታታይ ያወጣው «የባስከርቪሎች ውሻ» አጭር ነው፤ ቋንቋው ቀላል ነው፤ ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። እንግሊዝኛ እየተለማመደ ለሚያነብ ተማሪ ከዚህ ይጀምር። ነገሩ የውርስ ነው። ሰር ቻርልስ ይሞታሉ፤ ወራሹ ሄንሪ ከካናዳ ይመጣል፤ በዘሩ ላይ የቆየ እርግማን አለ ይባላል። ጎረቤት ደግሞ በየፍርድ ቤቱ መሟገት የሚወድ ፍራንክላንድ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ልጁን ክዷል። ሙግት ወዳድ ሽማግሌና የተካደች ልጅ ለእኛ አዲስ አይደሉም።

የመጽሐፉ መጨረሻ ስላልሆነ አንድ ትስስር ልንገራችሁ። አሳላፊው ባሪሞር ሌሊት ሌሊት ሻማ ይዞ መስኮት ላይ ይቆማል። ሁሉም ይጠረጥሩታል። ኋላ ሲታወቅ ከእስር አምልጦ በረሃው ላይ የተደበቀ ገዳይ አለ፤ የባሪሞር ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሻማው «ምግብ አለ» የሚል ምልክት ነው። እህት ናትና አልጨከነችም። ደሙ ከማን ነው ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ አንባቢ እዚህ ይካሳል። ሌላው የደም ነገር ግን ከዚህ የባሰ ተደብቋል። የቤቱን ግድግዳ ልብ በሉ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እንግዲህ ለማን የቱ

ብቻውን ማታ ማታ ለሚያነብና ሰው ማጥናት ለሚወድ፣ አክሮይድ። ጊዜ ላለው፣ ታሪክ ለሚወድ፣ የመቅደላ ነገር ለሚያንገበግበው፣ የጨረቃ ድንጋይ፤ ክረምት ሙሉ ቢፈጅበትም አይቆጨውም። ለቡድን ባቡሩ። መብራት ጠፍቶ በሻማ ለሚያነብ ደሴቱ፤ እሱም ካልፈራ ነው። ለጀማሪ ውሻው።

ሁለት ለሚያነብ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አለው። ባቡሩን ከአክሮይድ አታስቀድሙ። ባቡሩን ያነበበ ሰው ሁሉንም በአንድ ላይ መጠርጠር ይለምዳል፤ አክሮይድ ግን ሌላ ዓይነት ዓይን ይፈልጋል። አክሮይድን አንብቦ ወደ ባቡሩ የሄደ ግን ምንም አይጎድልበትም።

ዋጋም አለ። የኮሊንስና የኮናን ዶይል ሥራዎች የባለቤትነት ዘመናቸው ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነጻ ይገኛሉ። አክሮይድም በአሜሪካ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ነጻ ሆኗል፤ እዚያው አለ። አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስልካችሁ ላይ ካወረዳችሁት ኔትወርክ ቢጠፋም አይከለክላችሁም። ባቡሩና ደሴቱ ገና ነጻ አልወጡም። ወይ ይገዛሉ፣ ወይ ያለው ሰው ተፈልጎ ይለመናል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ስትጠይቁ የመጨረሻዎቹን ገጾች አገላብጡ። የመርማሪ ልቦለድ አብዝቶ የሚቀደደው ከኋላው ነው።

ፊልሙን አስቀድማችሁ አትዩ። የባቡሩ ታሪክ በ1974ም በ2017ም ተቀርጿል፤ ሁለቱም መጨረሻውን ይነግሯችኋል። የደሴቱ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ክሪስቲ ራሷ ለመድረክ ስታዘጋጀው መጨረሻውን ቀይራዋለች፤ የ1945ቱ ፊልምም የተከተለው ያንን የተቀየረውን ነው። ስለዚህ «ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ቡድናችሁ ውስጥ ካለ አትፍሩት። የሚያውቀው ሌላውን መጨረሻ ሊሆን ይችላል።